እማዬ ማሽኑን የመረጠች ጊዜ

ኩላሊቷ እንደደከመ ለእማዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። አጎቴ፣ ማለት የእማዬ ታናሽ ወንድም፣ እስከ ዛሬ ይህን በልባቸው ይዘውብኛል። ያን ቀን የሐኪሙ ክፍል በር ላይ ቆመን፣ እማዬ ከውስጥ ልብሷን እየለበሰች፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የደም ማነስ ነው እንበላት። ለጥቂት ጊዜ ትታከምና ትድናለች እንበላት። ሌላውን ቀስ እያልን እናደርሰዋለን» አሉኝ። በእኛ ቤት ክፉ ወሬ የሚነገረው እንዲህ ነው፤ ዙሪያ ጥምጥም ተኪዶ፣ ሽማግሌ ተልኮበት፣ ሰውየው ራሱ ግማሹን ከገመተ በኋላ።

እኔ ዙሪያ ጥምጥም አልችልበትም። ቱግ ባይ ነኝ፤ ይህን የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ስድስት ኪሎ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ፤ ተማሪዎቹ እንኳን ፊቴን ከሩቅ አይተው ነው የሚገቡት። «ጋሼ፣ የምትታከመው እሷ ናት። ዕድሜ ልኳን ነው የምትታከመው። ደም ማነስ እያልን እስከ መቼ እንዘልቀዋለን?» አልኳቸውና ገባሁ።

«እማዬ፣ ኩላሊቶችሽ ደክመዋል። መድኃኒት አይመልሳቸውም። የእነሱን ሥራ ከእንግዲህ እጥበት ነው የሚሠራልሽ፤ እሱም እስከ መጨረሻው ነው» አልኳት።

የነጠላዋን ጫፍ ትከሻዋ ላይ መለሰችና፣ «ደም ማነስ በያት ያለሽ ወንድሜ ነው አይደል? ሰምቼዋለሁ። ከልጅነቱም መንሾካሾክ አያውቅበትም» አለችኝ።

ፈገግ እንዳለች እንባዋ ወረደ። እኔም አጠገቧ ተቀምጬ አለቀስኩ።

ኩላሊቴን ልስጥሽ ብያት ነበር። ልቧ ቀድሞም ደካማ ስለነበር ያን ያህል ቀዶ ጥገና አትችልም አሉን፤ ያ በር በዚያው ተዘጋ። ከዚያ ሐኪሙ ወደ አንዲት ነርስ መራን። የዚህች ሴት ሥራ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ደሙ በምን መንገድ እንደሚጣራለት ማስረዳትና ማስመረጥ ነው። ቱቦውንም፣ የፈሳሹን ከረጢትም ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ እማዬን በእጇ አስነካቻት።

«እማማ፣ መንገዱ ሁለት ነው» አለቻት። «አንደኛው ማሽኑ ነው። ክንድዎ ላይ ደም ሥር ይዘጋጃል፤ በሳምንት ሦስት ቀን እየመጡ ግማሽ ቀን ይተኛሉ፤ ደምዎ በቱቦ ወጥቶ፣ ተጣርቶ ይመለሳል። ሁለተኛው የሆድ ነው። እምብርትዎ አጠገብ ቀጭን ቱቦ ይገባል። በእሱ ንጹሕ ፈሳሽ ያስገባሉ፤ ሆድዎ ውስጥ ሰዓታት ይቆይና ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል። ይሄንን ቤትዎ ሆነው ራስዎ ነዎት የሚያደርጉት። ግን በቀን አራቴ ነው፤ እሑድ የለ፣ በዓል የለ። እዚህ አገር ገና አዲስ ነው፤ ፈሳሹም ከውጭ ስለሚመጣ እንዳያልቅ ቀድሞ ማሰብ ይፈልጋል።» ከዚያ ደግሞ፣ «ሁለቱንም አልፈልግም ማለትም ይቻላል። ያኔ ሕመምዎን እያስታገስን እንከባከብዎታለን፤ ግን ብዙ አይቆዩም» አለቻት።

ይህንን ፊት ለፊት ስለነገረቻት ሴትዮዋን ወደድኳት። ሐኪሙ በበኩሉ የሆዱ ይሻላል ባይ ነበር። ማሽኑ ከሰውነቷ ውሃውን በአንድ ጊዜ ስለሚወስድ፣ ግፊቷ እየወረደ ያንን ደካማ ልብ ያስጨንቀዋል፤ የሆዱ ቀስ ብሎ ነው የሚሠራው።

ነርሷ ግን ስለ ልቧ አልጠየቀቻትም። «ቀንዎን እንዴት ነው የሚያሳልፉት?» አለቻት።

«ጠዋት በሬን እከፍታለሁ፣ ማታ እዘጋለሁ» አለች እማዬ። «በመሀል ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። ሌላ ምን አለኝ? ይልቅ ከግቢዬ የማያስወጣኝ የቱ ነው?»

«የሆዱ ነው።»

«በይ እሱን ስጪኝ።» ዕድሜዋን ፒያሳ ኬክ ቤት ባንኮኒ ጀርባ የጨረሰች ሴት ናትና፣ ልክ እንደ ድሮ ደንበኞቿ በጣቷ ጠቁማ መረጠች።

ግቢያችን ከፒያሳ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ሲወረድ፣ አንድ ቧንቧና አንድ የልብስ ገመድ ስንት ቤት የሚጋራበት ግቢ ነበር። እማዬ ሥልጠናዋን ጨርሳ ስትመጣ የፈሳሹ ካርቶን ከአልጋው ሥር አልፎ ቡፌው ላይ ተቆለለ፤ ከረጢቱን የምንሰቅልበትን ሚስማር እኔ መታሁ። እጅ መታጠብ፣ ማስክ ማድረግ፣ መስኮት መዝጋት፣ ሁሉንም ተማረች። አንድ ነገር ብቻ አልዋጥላት አለ። ፈሳሹ ሲቀየር በር ይዘጋል፤ ማንም አይገባም ተብላለች።

«ማንም?» ብላ ነበር ነርሷን።

«ማንም፣ እማማ።»

«ልጠይቃት ብሎ የመጣም?»

«እሱም ቢሆን ትንሽ ይጠብቃል።»

በእኛ ግቢ ቀን የተዘጋ በር የሚናገረው ከሁለት አንዱን ነው። ወይ ሰዎቹ ተጣልተዋል፣ ወይ ሊበሉ ተቀምጠዋል። ሁለቱም ነውር ነው። ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል እየተባልን ነው ያደግነው። ይባስ ብሎ እማዬ ታማለች፤ የታመመ ሰው በር ደግሞ ከሁሉም በላይ ክፍት ነው። ጠያቂ አንኳኩቶ አይገባም፤ «ቤቶች» ይልና እግሩ ውስጥ ነው።

አንድ ቀን ከሰዓት፣ እኔ ሱቅ እያለሁ፣ ፊት ለፊታችን የምትኖረው ጎረቤታችን የአጃ ሾርባ ይዛ መጣች። ይህች ሴት ድልድዩ አጠገብ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላት የስልጤ ሴት ናት። ለእማዬ ከእህት ትበልጣለች፤ እኔን ራሴን አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። «ቤቶች» ስትል እማዬ ቱቦውን ገና መግጠሟ ነበር። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? ማስኩን ወደ አገጯ ዝቅ አድርጋ፣ ቱቦውን በአንድ እጇ እንደያዘች ተነስታ መቀርቀሪያውን ከፈተችላት። ቱቦውን ይዛ ተነስታ «ግቢ፣ ግቢ» እያለች ሾርባውን ተቀበለቻት።

ብዙም ሳይቆይ ከሆዷ የሚወጣው ፈሳሽ እንደ ሩዝ ውሃ ደፈረሰ። ሆዷን ቆረጣት፣ ትኩሳቱ አንቀጠቀጣት። ሐኪም ቤት ተኝታ በመርፌ ተረፈች። ነርሷ ሳትቆጣት፣ «ለምን ከፈቱ እማማ?» ስትላት የመለሰችው አሁንም ጆሮዬ ላይ አለ።

«ምን ብዬ ላቁማት? ልትጠይቀኝ የመጣችን ሴት በር ላይ ላቁም?»

ያን ቀን ወደ ግቢ ስመለስ ደሜ ፈልቶ ነበር። ቧንቧው አጠገብ ቆሜ፣ «የምትወዷት ከሆነ አትግቡባት። በሩ ሲዘጋ ተዉአት። ሾርባችሁ ሊገድላት ነበር» ብዬ ጮኽኩ። ጎረቤታችን ቤቷ ገባች። ምሽቱን ሙሉ ልሂድ ልቅር ስል ቆየሁ፤ ኩራቴ አላስኬድ አለኝና ቀረሁ።

እማዬ ከሐኪም ቤት በወጣች ማግስት ምሳ ላደርስላት ስመጣ በራችን ተዘግቷል። ጎረቤታችን ዱካዋን አውጥታ በራችን ሥር ተቀምጣለች፤ ምስር ትለቅማለች።

«ወላሂ፣ ልጅሽ እኮ ጳጳስ ነው የምትመስለው ስትገስጽ» ትላለች ወደ በሩ። «እሺ፣ በሩ ይዘጋ። አፍሽም ይዘጋ ብለውሻል እንዴ?»

ከውስጥ እማዬ በማስኩ ሥር ስትስቅ ሰማኋት።

ከዚያ ወዲያ ልማድ ሆነ። ፈሳሹ በሚቀየርበት ሰዓት የግቢው ሴቶች ሥራቸውን ይዘው በራችን ሥር ይቀመጣሉ። ድንች የሚላጠው እዚያ ነው፤ የልጅ ፀጉር የሚሠራው እዚያ ነው፤ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደተጣላ የሚወራው እዚያ ነው። እማዬ ከውስጥ ፍርድ ትሰጣለች። ነርሷ አንድ ቀን ልታየን መጥታ በሩ ሥር የተቀመጠውን ጉባኤ ስታይ ለቅሶ ቤት መስሏት ደንግጣ ነበር። ፈሳሹ ሁልጊዜ ጥርት ብሎ ይወጣ ነበር። ያ ጊዜ ጥሩ ጊዜ ነበር፤ ጥሩ መሆኑን ግን ያኔ አላወቅኩትም።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። ስንሰማው የኖርነው ነገር ስለነበር መጀመሪያ ማንም አላመነም። እውነት ሲሆን ግን ፈጠነ። ምትክ ቤት ለሁሉም ተሰጠ፤ ብቻ አንዱን ወደ ምሥራቅ፣ አንዱን ወደ ምዕራብ ነበር። ጎረቤታችን ከተማው ማዶ ጫፍ ደረሳት፤ እኛ በተቃራኒው ጫፍ። ዕቃ በሚጫንበት ቀን ሁለቱ ሴቶች ለረጅም ጊዜ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙ። «እመጣለሁ» አለቻት ጎረቤታችን። «ነይ» አለቻት። እውነትም አንድ ጊዜ መጣች፤ ስንት ታክሲ ቀያይራ፣ ስትመለስ ዝናብ ደብድቧት። ጉልበቷም ያማታል። ከዚያ በኋላ በስልክ ሆነ።

አዲሱ ቤት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለሆድ እጥበት ከዚያ የተሻለ ቤት አይገኝም። ግድግዳው ንጹሕ፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ቧንቧው ውስጥ። በሩ ሲዘጋ ራሱ ይቆለፋል። ማንም «ቤቶች» አይልም። ጎረቤቶቹ ክፉ ሆነው አይደለም፤ እነሱም እንደኛ ከየሰፈራቸው የመጡ ናቸው፤ ጠዋት ቆልፈው ይወጣሉ፣ ማታ ቆልፈው ይገባሉ። ነርሷ ምርመራዋን እያየች፣ «እማማ፣ እንዲህ ጥሩ ሆነው አያውቁም» አለቻት።

እማዬ ግን ከሰች። ወንበሯን ከበሩ ትይዩ አድርጋ ትቀመጣለች። ለመብላት ታንገራግራለች። አንድ ምሽት ከሱቅ ስገባ ማስኳን እንዳደረገች አገኘኋት፤ የቀኑን ፈሳሽ ከቀየረች ሰዓታት አልፈዋል። በማግስቱም እንደዚያው። በሦስተኛው ተናደድኩ።

«እማዬ፣ አውልቂው እንጂ ይሄን ነገር።»

«ለምን ላውልቀው?» አለችኝ። «ማንን ላናግርበት?»

ሱቄን ትቼ አብሬያት እንዳልውል እንጀራችን ነው፤ ሠራተኛ ብቀጥርላት ከሠራተኛዋ ጋር አልተግባባችም። አንድ እሑድ ምሳ በልተን ስንጨርስ እጇን ታጥባ መጣችና፣ «ወደ ማሽኑ ቀይሩኝ» አለችኝ።

«ምን አልሽ?»

«ወደ ማሽኑ። ሆዱን ልተወው።»

ቱግ አልኩ። ስለ ልቧ የተባለውን አስታወስኳት፤ ይህን ሁሉ ጊዜ የተረፈችው በዚህ መሆኑን ነገርኳት። በመጨረሻ፣ «ምን ሆነሻል? ሞት አማረሽ?» አልኳት።

«ሰው አማረኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር፤ የተሰማኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም፣ ቅናትም ነበር። እኔ ሰው አይደለሁም እንዴ? ማታ ማታ እየሮጥኩ የምመጣው፣ ካርቶን የምሸከመው፣ እኔስ? ማሽኑ ክፍል ላሉ ለማታውቃቸው ሰዎች ስትል ዕድሜዋን ልታሳጥርብኝ ነው ብዬ ለሁለት ቀን አኮረፍኳት። እሷ እኔን ማኩረፍ አታውቅበትም፤ ራቴን እያሞቀች ትጠብቀኛለች።

ሐኪሙ ዘንድ ሄድን። አጎቴም መጡ። ሐኪሙ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳት፤ ማሽኑ ግፊቷን እንደሚያወርደው፣ ልቧን እንደሚያደክመው፣ ዕድሜዋን ሊያሳጥረው እንደሚችል አልሸሸገም።

«ስንት ያሳጥረዋል?» አለችው።

«እሱን አላውቅም፣ እናቴ።»

«እኔም ያለ እሱ ስንት እንደቀረኝ አላውቅም» አለች። «ልጄ፣ እኔ ሞኝ አይደለሁም። የምትለው ገብቶኛል። እዚያ ክፍል ውስጥ ስንት አልጋ አለ?»

ሐኪሙ አየኝ፤ አጎቴም አዩኝ። አጎቴ፣ «አንቺ ካልሽ ትሰማሻለች፤ ከልክያት» ይሉኛል በዓይናቸው። ወደ ኮሪደሩ ወጣሁ። ነርሷ ተከትላኝ መጣች፤ አጠገቤ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች።

«ሁለቱም ትክክል ናቸው» አለችኝ። «ሐኪሙ ስለ ልቧ ትክክል ነው። እሷም ስለ ቀኗ። እኔ ሰው የማስመርጠው ቱቦ አይደለም፣ እህቴ፤ የሚኖርበትን ቀን ነው።»

«ብትሞትብኝስ?»

«በዚህኛውም በዚያኛውም ልትሞት ትችላለች» አለችኝ። «በዚህኛው ግን አሁን በሕይወት ያለች አልመሰለችኝም።»

ተመልሼ ገባሁ፤ «እሺ» አልኩ። አጎቴ ኮፍያቸውን አንስተው ቀድመውን ወጡ።

የግራ ክንዷ ተቀዶ ደም ሥሩ ተዘጋጀ። እስኪጠነክር ድረስ በሆዱ ቆየች። የተሠራው ቦታ ላይ ጣት ሲያርፍ እንደ አሮጌ ፍሪጅ ይንዘረዘራል፤ የሕንፃችንን ዘበኛ ሳይቀር «ንካው እስኪ» እያለች ታስነካ ነበር። ከዚያ ወደ ማሽኑ መሄድ ጀመረች፤ ፈረቃዋ ከሰዓት ስለነበር እኔም በእነዚያ ቀኖች ሱቄን እኩለ ቀን ላይ እየዘጋሁ አብሬያት እሄድ ነበር። የእጥበት ማዕከሉ አራዳ ውስጥ፣ ወደ አምስት ኪሎ ሲወጣ ነው። ታክሲያችን ድሮ ሰፈራችን በነበረበት በኩል ሲያልፍ እሷ በሌላው መስኮት ታያለች።

ክፍሉ ውስጥ አልጋዎቹ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት ተደርድረዋል። የአንድ ፈረቃ ሰዎች ሁልጊዜ እነዚያው ናቸው፤ የየራሳቸው አልጋ አላቸው። ከእማዬ ቀጥሎ ያለው ፒያሳ ተወልዶ ያደገ ባለታክሲ ነው፤ ዕድሜው ከእኔ ገፋ ያለ። የመጀመሪያ ቀን አንገቱን አዙሮ ሲያያት ቆየና፣ «እትዬ፣ እርስዎ ያ ኬክ ቤት የነበሩት አይደሉም? ልጅ ሆኜ የተሰባበረ ኬክ ሸጠውልኛል» አላት።

«ለአፍህ እንዲመችህ ሰብሬልህ ነው» አለችው።

ክፍሉ በሳቅ አለቀ። ሰውየው፣ «አራዳ ኩላሊቱ ቢለግም አፉ አይለግምም» አለ። እማዬ ያን ቀን በታክሲ ስንመለስ እሱ ያለውን፣ እሷ የመለሰችውን፣ ማዶ ያለችው ሴት የጨመረችውን ስትነግረኝ መንገዱ አለቀ። እዚያው ከሚታጠብ አንድ ነጋዴ ስለ ቤተሰቡ፣ ከአንዲት መምህርት ስለ ተማሪዎቿ ሰማች። በሌላው ቀን ፀጉሯን ተሠርታ ነው የምትሄደው። እኔም ቅናቴ ወጣልኝ።

ሐኪሙ ያለው ግን አልቀረም። ከማሽኑ ስትነሳ ደግፌያት ነው የምንወጣው። አንዳንዴ መሀል ላይ ግፊቷ ይወርድና እግሯን ከፍ አድርገው ውሃ ይሰጧታል፤ ከንፈሯ አመድ ይመስላል። በታክሲ ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ጥላ፣ «ደህና ነኝ» ትለኛለች። ብዙ ጊዜ ወደ ሆዱ እንመለስ ልላት አፌን ከፍቼ ዘግቼዋለሁ። ፊቷን ሳየው አልችልም።

አንድ የክረምት ቀን ከማሽኑ ተመልሰን አልጋዋ ላይ ጋደም አለች። ባለታክሲው ስለ አማቱ ያወራውን እየነገረችኝ ነበር። «ቆይ፣ ትንሽ ልረፍና እጨርስልሻለሁ» አለችኝ። ራቷን አሙቄ ስመለስ ትንፋሽዋ ቆሟል። ወሬው ምን ላይ እንደደረሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። አልቅሼ አልወጣልኝም፤ አሁንም አልወጣልኝም።

ሐዘኑ ጋብ ሲል ብርድ ልብሷን ላመጣ ወደ ማዕከሉ ሄድኩ። የማሽኑ ክፍል ስለሚበርድ ታማሚው የየራሱን ብርድ ልብስ አምጥቶ እዚያው ነው የሚተወው።

በዚያ ክፍል ሰው አይሞትም። ይህን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። አልጋ ባዶ ሲሆን ፈረቃ ቀየረ ይባላል፤ ነርሶቹም ይሉታል፣ ታማሚዎቹም ይሉታል። መምህርቷ የቀረች ጊዜ እማዬ ራሷ፣ «ወደየትኛው ቀየረች?» ብላ ጠይቃ፣ «ወደ ጠዋቱ» ሲሏት፣ «ደግ አደረገች» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እኔ አጠገቧ ተቀምጬ ተቃጥዬ ነበር። ትልልቅ ሰዎች፣ እያወቁ እንዲህ ይባባላሉ ብዬ።

በሩ ላይ ነርሷ ጥቁር መልበሴን አይታ አቀፈችኝ። ከዚያ ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ ጥቁሩን ነጠላና ሻሹን አውልቄ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ከሥር የለበስኩት የሥራ ሹራቤን ነበር። እንደዚያው ገባሁ።

ሁሉም ክንዳቸውን ዘርግተው፣ ደማቸው በቱቦ እየወጣ እየገባ፣ በየአልጋቸው ናቸው። በእማዬ አልጋ የማላውቀው ወጣት ተኝቷል። ቢደነግጡ ተነስተው መውጣት አይችሉም፤ ቢያለቅሱ እንኳን ፊታቸውን የሚጠርጉበት አንድ እጅ ብቻ ነው ያላቸው።

«እናታችንስ?» አለኝ ባለታክሲው። ሌሎቹም አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩ።

እውነቱ ምላሴ ላይ ነበር። «ፈረቃ ቀየረች» አልኩት።

«ወደየትኛው?»

«ወደ ጠዋቱ።»

ዓይኑ ሞላ፤ ድምፁን ግን አላበላሸም። «ጥሩ አደረገች። በጠዋት ታክሲ አይጠፋም» አለ። ማዶ ያለችው ሴት፣ «እውነትም» አለች። እኔ ብርድ ልብሱን ከመደርደሪያው አውርጄ እቅፌ ውስጥ አድርጌ ቆምኩ።

«ውሰጂላት እንጂ» አለኝ ባለታክሲው። «ጠዋት ይበርዳል።»

«እሺ» አልኩትና ይዤው ወጣሁ።